ንጉሥና ፓርላማ ሲጣሉ፤ የእንግሊዝ የርስ በርስ ጦርነት፣ የእኛ ፓርላማና የዚህች ከተማ ትምህርት

(በጆሐንስበርግ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር)



በአገራችን «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚል ተረት አለ። ተረቱ ትዕግሥትን ብቻ የሚያስተምር ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ የሕግ ሐሳብ በውስጡ ይዟል። ይኸውም ሕግ የተሠራው ከንጉሥ በታች ላለው ሰው ነው፤ ከንጉሥ ጋር የተጣላ ሰው ግን የሚሄድበት ዳኛ የለውም ማለት ነው። ዳኛ ከሌለ ደግሞ ለተበደለ ሰው የሚቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው፤ ወይ ዝም ማለት፣ ወይ መሸፈት።

ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ነገር ይህን ተረት በግልጽ ስላፈረሰ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1649 የእንግሊዝ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በገዛ ሕዝቡ ስም ተከሶ፣ ችሎት ፊት ቆሞ፣ ተፈርዶበት በአደባባይ አንገቱ ተቆረጠ። ይህ የሆነው በንጉሡና በፓርላማው መካከል ለብዙ ዓመት ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። የዚያን ጠብ ምክንያትና ውጤት ባጭሩ ካስረዳሁ በኋላ ወደ አገራችን እመለሳለሁ። እኛም ንጉሥ ነበረን፤ ከ1923 ዓ.ም. ጀምሮም ፓርላማ ነበረን። ሁለቱ ግን አንድ ቀን እንኳ ጦር ሳይማዘዙ በአንድ ጀምበር አብረው ወደቁ። ይህ ለምን ሆነ? ምንስ አስከፈለን? በመጨረሻም የምንኖርባት ይህች ከተማ ስለዚሁ ጉዳይ የምታስተምረንን ነገር እጨምራለሁ። የውጭውን አገር ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችንን ግን በራሳችን አቆጣጠር የምጠቅስ መሆኔን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

1. ጠቡ ከየት መጣ?

የእንግሊዝ ፓርላማ የተወለደው ነገሥታቱ ሕዝባቸውን ከመውደዳቸው የተነሣ አይደለም። ለጦርነት ገንዘብ ሲቸግራቸው መሳፍንቱን፣ ጳጳሳቱን፣ የየአውራጃውን ባለርስትና የየከተማውን ነጋዴ ሰብስበው ግብር እንዲፈቅዱላቸው ይጠይቁ ነበር። ከብዙ ዘመን በኋላ ልማዱ ሕግ ሆነና ፓርላማ ያልፈቀደው ግብር ሕጋዊ አይደለም ወደ ማለት ተደረሰ። እንግዲህ የፓርላማው ጉልበት ያለው ከረጢቱ አፍ ላይ ነበር።

ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1625 ሲነግሥ ሥልጣኑን ከእግዚአብሔር እንጂ ከማንም አልተቀበልኩም፣ ስለዚህም ለማንም መልስ አልሰጥም የሚል እምነት ይዞ ነው። በ1628 ፓርላማው ያለ ፈቃዱ ግብር እንዳይጣል፣ ማንም ሰው ያለ ክስ እንዳይታሰር የሚል አቤቱታ አቅርቦ ንጉሡን አስፈረመው። ንጉሡ ግን በሚቀጥለው ዓመት ፓርላማውን በትኖ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ብቻውን ገዛ።

ፓርላማ ሳይጠራ ለመግዛት ገንዘብ ማግኘት ነበረበት። ስለዚህ በጦርነት ጊዜ የባሕር ዳር አውራጃዎች ለመርከብ ማሠሪያ የሚከፍሉትን አሮጌ መዋጮ አንሥቶ በሰላም ጊዜ፣ ባሕር አይተው በማያውቁ አውራጃዎች ላይ ሁሉ ጣለው። ጆን ሃምደን የተባለ ባለጸጋ ባለርስት አልከፍልም ብሎ ተከሰሰ። የተጠየቀው ገንዘብ 20 ሽልንግ ብቻ ነበር፤ ለሱ ዓይነቱ ሰው ከምንም የማይቆጠር ነው። ሃምደን የተከራከረው ስለ ገንዘቡ ሳይሆን ስለ መብቱ ነው። በ1638 ከአሥራ ሁለቱ ዳኞች ሰባቱ ለንጉሡ፣ አምስቱ በንጉሡ ላይ ፈረዱ። ንጉሡ ረታ፤ ነገር ግን አምስት ዳኞች ንጉሥ ሊሳሳት ይችላል ማለታቸው በአገሩ ሁሉ ተሰማ። የተሸነፈው ሃምደን ከአሸናፊው ይልቅ ተከበረ።

ሁለተኛው ምክንያት ሃይማኖት ነው። ቻርልስ በ1637 የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በስኮትላንድ ሕዝብ ላይ በግድ ሊጭን ቢነሣ ስኮትላንዶች ጦር አነሡበት። ጦር ለማሠለፍ ገንዘብ፣ ገንዘብ ለማግኘት ደግሞ ፓርላማ አስፈለገው። በሚያዝያ 1640 ጠርቶ በሦስት ሳምንት በተነው፤ ጭንቀቱ ሲጸናበት በኅዳር እንደገና ጠራው። ይህ ሁለተኛው ፓርላማ ያለ ፈቃድ የተጣለውን ግብር ሁሉ ሻረ፤ ፓርላማ ቢያንስ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ እንዲጠራ ሕግ አወጣ፤ የንጉሡን ዋና አማካሪ ስትራፎርድን አስፈርዶ አስገደለ።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ያለ ጦርነት ያለፈ ነው። ጦርነቱን ያመጣው ሦስተኛው ጥያቄ ነው። በጥቅምት 1641 አየርላንድ ሸፈተ። ያንን ለማብረድ ሠራዊት መቋቋም አለበት፤ ነገር ግን ሠራዊቱን የሚያዝ ማን ነው? ንጉሡ ቢያዝበት ነገ ወደ ፓርላማው ያዞረዋል፤ ፓርላማው ቢያዝበት ንጉሥ መባሉ ከስም አያልፍም። የጠቡ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ጥር 4 ቀን 1642 ቻርልስ የታጠቁ ሰዎች አስከትሎ አምስት እንደራሴዎችን ሊይዝ ራሱ ወደ ምክር ቤቱ ገባ። ሰዎቹ አስቀድመው ሰምተው አምልጠዋል። ንጉሡም ለንደንን ለቅቆ ወጣ፤ ነሐሴ 22 ቀን በኖቲንግሃም የጦር ሰንደቁን ተከለ።

እንግዲህ ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው፤ ከረጢት፣ ሃይማኖት፣ ጦር። ንጉሡ ክፉ ሰው ስለ ነበረ ጦርነት ሆነ ማለት ታሪክን እንደ ተረት ማውራት ነው። ጦርነቱ የሆነው በአንድ አገር ውስጥ ሁለት የሥልጣን ምንጮች ስለ ነበሩና ሁለቱን የሚዳኝ ሦስተኛ ስላልነበረ ነው።

2. ጦርነቱ ምን አስከተለ?

ፓርላማው ለንደንን፣ ወደቦቹንና የባሕር ኃይሉን ስለያዘ ቀረጡ በእጁ ነበር። በ1645 አዲስ ሠራዊት አቋቋመ፤ በዚህ ሠራዊት ብዙ ሰው በዘሩ ሳይሆን በችሎታው ይሾም ነበር። በዚያው ዓመት በሰኔ በኔዝቢ የንጉሡ ጦር ተሰበረ።

ከድል በኋላ የሆነው ከድሉ ይበልጥ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1647 የአሸናፊው ሠራዊት ወታደሮችና መኮንኖች ከለንደን አጠገብ በፐትኒ ተሰብስበው ተከራከሩ። ወታደሮቹ ያነሡት ጥያቄ እኛ ደማችንን ያፈሰስን ሰዎች መምረጥ እንችላለን ወይስ አንችልም የሚል ነበር። አለቆቹ ግን መሬትና ሀብት የሌለው ሰው በአገሩ ጉዳይ ድምፅ ቢሰጠው ንብረት ሁሉ ይነጠቃል ብለው ፈሩ። ጥያቄው ሳይመለስ ቀረ። በ1649 ባዶ መሬት ቆፍረው በጋራ ለመዝራት የተነሡ ድኾችም ሰብላቸው ተነቅሎ ተባረሩ።

በታኅሣሥ 1648 ሠራዊቱ ከንጉሡ ጋር እንታረቅ ያሉትን እንደራሴዎች ከፓርላማው በር መለሳቸው። የቀሩት ጥቂቶች ንጉሡን የሚዳኝ ችሎት አቋቋሙ። ቻርልስ በምን ሥልጣን ነው የምትዳኙኝ ብሎ መልስ ለመስጠት እምቢ አለ። ጥር 30 ቀን 1649 ተገደለ፤ የንግሥና ሥርዓትም ተሻረ። ነገር ግን በሚያዝያ 1653 የሠራዊቱ አለቃ ኦሊቨር ክሮምዌል ወታደር አስገብቶ ያንኑ ፓርላማ በተነው፤ በዓመቱ መጨረሻም የአገሩ ጠባቂ ተብሎ ተሾመ። ንጉሡ በ1642 ሞክሮ ያቃተውን የፓርላማው ልጅ ፈጸመው። በአየርላንድ የፈጸመው ግድያና የመሬት ነጠቃም እስከ ዛሬ ይታወሳል።

ክሮምዌል በ1658 ሞተ። በ1660 የተገደለው ንጉሥ ልጅ ተጠርቶ ነገሠ። ብዙ ሰው ያ ሁሉ ደም በከንቱ ፈሰሰ ብሎ አሰበ፤ ከጦርነቱና ጦርነቱ ካመጣው በሽታ የተነሣ በእንግሊዝና በዌልስ ብቻ ወደ 200 ሺሕ የሚጠጋ ሰው አልቋልና። ነገር ግን በ1688 ሌላ ንጉሥ ያንኑ የድሮውን መንገድ ቢሞክር ዙፋኑን ለቅቆ ሸሸ፤ በ1689 የወጣው የመብት ሕግም ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር እንዳይጣል፣ በሰላም ጊዜ ሠራዊት እንዳይቆም ወሰነ። ከረጢቱና ጦሩ ባለቤት አገኙ።

ያም ሆኖ ያ ድል የባለርስቱና የነጋዴው ድል ነበር። የእንግሊዝ ሠራተኛ በብዛት መምረጥ የቻለው በ1867ና በ1884 በወጡት ሕጎች ነው፤ ሴቶች ከወንዶች እኩል የመረጡት ደግሞ በ1928 ነው። በፐትኒ የተጠየቀው ጥያቄ መልስ እስኪያገኝ ሁለት መቶ ሰማንያ ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

3. በአገራችንስ?

በኢትዮጵያ ታሪክ የዚህ ቅርብ ምሳሌ የሰገሌ ጦርነት ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱ በአዲስ አበባ ተሰብስበው ልጅ ኢያሱን ሃይማኖቱን ለውጧል ብለው ከሰው፣ አቡነ ማቴዎስም ባሉበት ከሥልጣን አወረዷቸው። የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው መጡ፤ ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ተሸነፉ። እዚህ ላይ ንጉሥ ይከሰሳል፣ ይሻራልም የሚል ሐሳብ በአገራችን ጨርሶ ያልነበረ እንዳልሆነ እናያለን። ነገር ግን የከሰሰው ጉባኤ በማግሥቱ ተበተነ። ቋሚ ምክር ቤት አልሆነም፤ የጻፈው ሕግ የለም፤ ለሚመጣው ገዥም ወሰን አላበጀም። ሰው ተለወጠ እንጂ ሥርዓት አልተለወጠም።

ፓርላማ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሰጡ፤ አርቃቂው በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የጃፓንን ሕገ መንግሥት ምሳሌ አድርገው ነበር። «ሰጡ» የሚለውን ቃል ልብ በሉት። የእንግሊዝ ፓርላማ ከንጉሡ ነጥቆ ያገኘውን የኛው ከንጉሡ እጅ በስጦታ ተቀበለ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባሎች በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የሕግ መምሪያው አባሎች ደግሞ ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት ይመረጣሉ ተባለ። የሰጠ እጅ ሊነሣም እንደሚችል ሁሉም ያውቅ ነበር።

በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት የሕግ መምሪያ ምክር ቤቱን ሕዝቡ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ ከዚያም እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ አምስት ምርጫ ተደረገ። በወረቀት ላይ በጀት ማጽደቅም ለፓርላማው ተሰጥቷል። ነገር ግን ሚኒስትሮችን የሚሾሙና የሚሽሩ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ ሠራዊቱን የሚያዙ እሳቸው ናቸው፤ ፓርላማውን መበተን የሚችሉም እሳቸው ናቸው። የፖለቲካ ማኅበር ማቋቋም ስላልተቻለ እያንዳንዱ እንደራሴ ብቻውን ገብቶ ብቻውን ይወጣ ነበር። ያው ሕገ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ በደማቸውና በቅብዐታቸው የተቀደሱ፣ ሥልጣናቸውም የማይነካ መሆኑን ይደነግጋል። ያ የሰማነው ተረት አንቀጽ ተሰጥቶት ሕግ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ፓርላማው ከንቱ ነበር? አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ እምቢ ማለትንም ያውቅ ነበር። ችግሩ እምቢ ያለው ለማን እንደ ሆነ ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ የተሰለፉት ወደ ፓርላማው ነበር፤ ፓርላማ ነው ብለው አምነውበት ነበርና። የባለመሬትንና የጭሰኛን ግንኙነት የሚወስነው ረቂቅ ሕግ ግን በዚያ ቤት ተደጋግሞ ተነሥቶ፣ ተደጋግሞ ተጓትቶ፣ ሳይጸድቅ አብዮቱ ደረሰበት። በዚያ ወንበር የተቀመጠው ብዙው ሰው ራሱ ባለመሬት ስለ ነበረ በገዛ ርስቱ ላይ እንዲፈርድ መጠበቅ ዘበት ነበር። ስለዚህ አንድ ምክር ቤት የመንግሥትን ሐሳብ መቃወሙ ብቻ የሕዝብ ወገን አያደርገውም፤ ከማን ጋር ወግኖ ነው የተቃወመው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የጎጃምን ነገር እንውሰድ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ በፓርላማው ክርክር ያለፈ በመሆኑ ሕጋዊ ነው። የጎጃም ገበሬ ግን ይህ ግብር መሬቴን ለመለካት፣ ቀጥሎም ርስቴን ለመንጠቅ የተዘጋጀ ነው ብሎ አመነ። አቤት አለ፤ ሰሚ ሲያጣ በሞጣ፣ በዳሞትና በሌሎችም ወረዳዎች መሣሪያ አነሣ። መንግሥት ወታደር ላከ፤ አውሮፕላንም መንደሮችን ደበደበ። በመጨረሻ ገዥው ከጎጃም ተነሡ፤ የብዙ ዓመት ውዝፍ ግብርም ተማረ።

አሁን ሃምደንንና የጎጃሙን ገበሬ ጎን ለጎን አቁሙልኝ። ሁለቱም ያልተስማሙበትን ግብር አንከፍልም አሉ። ሃምደን አሥራ ሁለት ዳኞች የተቀመጡበት ችሎት ነበረው፤ ቢሸነፍም አምስቱ ደግፈውታል። ከሁለት ዓመት በኋላ የተሰበሰበው ፓርላማ ደግሞ የሃምደንን ክርክር የራሱ አደረገው። የጎጃሙ ገበሬ ሁለቱንም አላገኘም። በስሙ የተቀመጠው እንደራሴ ግብሩን ካጸደቁት ወገን ሆኖ አገኘው። ስለዚህ በ20 ሽልንግ ክርክር ሊያልቅ የሚችል ነገር በቦምብና በጥይት አለቀ። ገበሬውም ከዚህ የተማረው ፓርላማ እንደማይሰማ፣ ጠመንጃ ግን እንደሚሰማ ነው። አንድ መንግሥት ለሕዝቡ ከዚህ የከፋ ትምህርት ሊያስተምር አይችልም።

ለውጥ የፈለጉትም ሰዎች በፓርላማው በኩል አልመጡም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ የተነሡት በክብር ዘበኛው ነው፤ ያበረዳቸውም ጦር ሠራዊቱ ነው። ሁለት ሠራዊቶች በዋና ከተማው ሲታኮሱ ፓርላማው ከሁለቱም ወገን አልተቆጠረም። በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኀብ፣ የኑሮ ውድነትና የወታደሩ ጥያቄ አንድ ላይ ሲነሡ ንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለፓርላማ ተጠያቂ የሚሆንበት ሕገ መንግሥት እንዲረቀቅ ፈቀዱ። ይህ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ከተሰጠ ከአርባ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ረቂቁ ሲያልቅ ደርግ አገሩን ይዞት ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው በአንድ ዐዋጅ ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ፤ ፓርላማውም ተዘጋ። ለፓርላማው ብሎ አንድ ሰው አደባባይ አልወጣም።

የዚህን ዋጋ ሁላችንም እናውቀዋለን። በኅዳር 1967 ዓ.ም. ስድሳ ሰዎች ያለ ፍርድ በአንድ ሌሊት ተረሸኑ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ዓመት መጨረሻ በእስር ላይ እንዳሉ ሞቱ፤ አንድ ቀን እንኳ ፍርድ ቤት አልቀረቡም። እንግሊዞች ንጉሣቸውን ከገደሉ በኋላ ቢያንስ የክሱን ወረቀት ለታሪክ ትተዋል፤ እኛ ዘንድ ክሱም መልሱም አልተጻፈም። በየካቲት 1967 የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ፓርላማው ያጓተተውን ጥያቄ በአንድ ቀን መለሰ፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን መሬቱን የሰጠው እጅ ድምፁን ነሣ። ሽብሩና የርስ በርስ ጦርነቱ እስከ 1983 ዓ.ም. ዘለቀ። ስለዚህ ንጉሥና ፓርላማ ሳይዋጉ መውደቃቸው ሰላም አላመጣልንም፤ ጦርነቱን አዘገየው፣ ዳኛም አሳጣው።

4. ይህች ከተማ የምታስተምረው

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ እንግዲያስ መፍትሔው ፓርላማን ከሁሉ በላይ ማድረግ ነው ሊለኝ ይችላል። በጆሐንስበርግ ተቀምጦ ይህን ማለት ግን አይቻልም። በ1642 ደም የፈሰሰበት የፓርላማ የበላይነት በእንግሊዞች መርከብ ወደዚህ አገር መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ1910 የደቡብ አፍሪቃ ኅብረት ሲቋቋም ፓርላማ ተሰጠው፤ ጥቁር ሰው ግን በዚያ ቤት መቀመጥ አይችልም ነበር። ያ ፓርላማ በ1913 ጥቁሩን ሕዝብ መሬት እንዳይገዛ የሚከለክል ሕግ አወጣ፤ በ1936 በኬፕ አውራጃ የነበሩትን ጥቁር መራጮች ከጋራው መዝገብ አስወጣ። በ1951 ከልሶችን ለማስወጣት ሕግ ሲያወጣ ፍርድ ቤት ሕጉን ሻረበት፤ ፓርላማው ራሱን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አድርጎ ሾመ፤ ይህም ሲሻርበት የሕግ መወሰኛውን ቤት በራሱ ሰዎች ሞልቶ በ1956 ያሰበውን ፈጸመ። ሁሉም ነገር ድምፅ ተሰጥቶበት፣ በጋዜጣ ታትሞ፣ በሕግ ቋንቋ ተጽፎ የተደረገ ነው። ንጉሥ የሌለበት አገርም ጨቋኝ ሊኖረው እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በሰኔ 1955 ፓርላማው በር የዘጋባቸው ሰዎች እዚሁ ሶዌቶ ውስጥ በክሊፕታውን ሜዳ ተሰበሰቡ፤ የነጻነት ቻርተር የተባለውን ጽሑፍ ተቀበሉ። በሚቀጥለው ዓመት 156 ሰዎች በአገር ክሕደት ተከሰሱ፤ ብዙዎቹም የታሰሩት በከተማዋ ኮረብታ ላይ ባለው አሮጌ ምሽግ ነበር። ዛሬ በዚያ ምሽግ ግቢ ውስጥ የቆመው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው፤ ግድግዳው ከፈረሰው እስር ቤት ጡብ የተሠራበት ክፍል አለው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕገ መንግሥት የበላይ ያደረገው ፕሬዚደንቱን አይደለም፣ ፓርላማውንም አይደለም፤ ራሱን ሕገ መንግሥቱን ነው።

ይህ ነገር በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በ2013 የከተማው አስተዳደር በሺሕ የሚቆጠሩ የጎዳና ነጋዴዎችን ከመንገድ ጠርጎ ሲያባርር ነጋዴዎቹ ወደዚያ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በታኅሣሥ ወር ወደ ቦታቸው እንዲመለሱ ታዘዘላቸው። በጂፒና በአካባቢው ንግድ የያዛችሁ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ከኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። በመጋቢት 2016 ያው ፍርድ ቤት ፕሬዚደንቱ ለግል መኖሪያቸው ከወጣው የሕዝብ ገንዘብ የሚመለሰውን እንዲመልሱ፣ ፓርላማውም እሳቸውን የመቆጣጠር ግዴታውን አልተወጣም ብሎ ፈረደ። በ2021 ደግሞ እኒሁ ሰው ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ የፍርድ ቤት ትእዛዝ በመናቃቸው አሥራ አምስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። ከዚያ በኋላ በተነሣው ሁከትና ዝርፊያ ከ300 በላይ ሰው ሞተ። በዚህች ከተማ የውጭ ሰዎች ሱቅ በተደጋጋሚ መዘረፉን፣ ወገኖቻችንም መገደላቸውን አንረሳም። ሕግ የበላይ ነው ማለት አገሩ ገነት ሆነ ማለት አይደለም። ነገር ግን ተበዳይ የሚሄድበት በር አለ ማለት ነው፤ በሩም አንዳንድ ጊዜ ይከፈታል።

5. ለእኛ የሚቀረው

ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ ወደ ፕሪቶሪያ ይመልከት። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ምርጫው ሲተላለፍ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሥልጣኑን ዘመን አራዘመ፤ በጳጉሜን የትግራይ ክልል የራሱን ምርጫ አካሄደ። ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ሕጋዊነት ካዱ። ሁለቱም ተቀብለው የሚቀርቡት ዳኛ አልተገኘም። በጥቅምት 2013 ጦርነት ተነሣ፤ የስንት እናት ልጅ ካለቀ በኋላ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተኩስ ማቆሙ ስምምነት ከዚህ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ በፕሪቶሪያ ተፈረመ። ዛሬ የተነሣሁት የዚያን ጥፋት ለወገኖች ለማከፋፈል አይደለም። ማለት የምፈልገው በ1642 እንግሊዝን ያፋጀው ጥያቄ እኛንም ያፋጀን መሆኑን ነው፤ ሁለት ሥልጣን ሲጋጭ ማን ይዳኛል?

እንግዲህ ምክር ቤት የሚባል ነገር ባያችሁ ቁጥር፣ ስሙ ፓርላማ ይሁን ሸንጎ፣ አራት ነገር ጠይቁ። ገንዘቡን የሚፈቅደውና የሚመረምረው ማን ነው? የታጠቀውን ሰው የሚያዘው ማን ነው? በወንበሩ የተቀመጠው ሰው የሚያጣውና የሚያገኘው ከማን ጋር ነው? ከምክር ቤቱስ በላይ ምን አለ? የእንግሊዝ ፓርላማ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በደም መለሰ፤ ሦስተኛውን ለልጅ ልጆቹ ተወ። የእኛው አንዱንም ሳይመልስ ሞተ። የዚህ አገር ፓርላማ ሦስተኛውንና አራተኛውን የመለሰው ሕዝቡ ከብዙ መከራ በኋላ አስገድዶት ነው።

ይህን ለመማር ሥልጣን እስኪያዝ መጠበቅ አያስፈልግም። በየከተማው ዕድር አለን፣ ማኅበር አለን፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ኮሚቴ አለን። በእነዚህ ውስጥ ሒሳብ ሲጠየቅ ሊቀ መንበሩ ክብሩ የተነካ የሚመስለው ከሆነ፣ ጠያቂውም እንደ ከሃዲ የሚታይ ከሆነ፣ «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ተረት ከአገራችን ይዘነው መጥተናል ማለት ነው። ገንዘብ ያዡን በየዓመቱ የሚመረምር ሌላ ሰው ምረጡ። ሁለት አባሎች ሲጣሉ የሚዳኛቸው ማን እንደ ሆነ ጠቡ ሳይነሣ በጽሑፍ ወስኑ። የተሸነፈ ወገን ማኅበሩን ለሁለት ሳይከፍል መቃወም የሚችልበትን መንገድ ክፈቱ። ሃምደን የተነሣው በ20 ሽልንግ ነው፤ የኛም የመጀመሪያው ትምህርት ቤት የወር መዋጯችን ሊሆን ይችላል። በሃምሳ ራንድ ላይ ያልለመድነውን ተጠያቂነት በመንግሥት በጀት ላይ እናመጣዋለን ብንል ራሳችንን እናታልላለን።

 አሁን መድረኩ የእናንተ ነው፤ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፣ ያልተስማማም ተነሥቶ ይቃወመኝ።